የስሌት ቅደም ተከተል

የስሌት ቅደም ተከተል ማለት መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል በአንድ ላይ ሲጻፉ የትኛው አስቀድሞ እንደሚሠራ የሚወስን የሒሳብ ስምምነት ነው። ይህ ስምምነት ባይኖር ኖሮ አንዱ ጽሑፍ ሁለት መልስ ይኖረው ነበር። ለምሳሌ 2 + 3 × 4 መደመሩ ቢቀድም 20፣ ማባዛቱ ቢቀድም 14 ይሆናል። በስምምነቱ መሠረት መልሱ 14 ነው።

ደንቡ

1. በመጀመሪያ በቅንፍ ውስጥ ያለው ይሠራል። ቅንፍ በቅንፍ ውስጥ ካለ ከውስጠኛው ይጀመራል።
2. ቀጥሎ ርቢ ይሠራል፤ ለምሳሌ 5² = 5 × 5 = 25።
3. ከዚያ ማባዛትና ማካፈል ከግራ ወደ ቀኝ ይሠራሉ።
4. በመጨረሻ መደመርና መቀነስ ከግራ ወደ ቀኝ ይሠራሉ።

ማባዛትና ማካፈል እኩል ደረጃ አላቸው፤ መደመርና መቀነስም እንዲሁ። ስለዚህ 12 ÷ 3 × 2 = 8 ነው እንጂ 2 አይደለም፤ 10 − 4 + 3 = 9 ነው እንጂ 3 አይደለም። «ቦድማስ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ማስታወሻ ቃል በቃሉ የያዘ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ማባዛት ለምን ይቀድማል?

ማባዛት የተደጋገመ መደመር ነው። አንድ ሰው ከየካ አባዶ ወደ ገበያ ሲሄድ ለታክሲ 20 ብር ከፍሎ 2 ኪሎ ሽንኩርት ኪሎውን በ60 ብር ገዛ እንበል። ወጪው 20 + 2 × 60 = 140 ብር ነው። መደመሩ ቢቀድም 22 × 60 = 1320 ብር ይመጣል፤ ብርን ከኪሎ ጋር መደመር ግን ትርጉም የለውም።

በግዕዝ ቁጥሮች

የግዕዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለው ቁጥሩን በማባዛትና በመደመር ይገነባል። ፳፻፲፮ ሲነበብ 20 × 100 + 10 + 6 = 2016 ነው። መደመሩ ቢቀድም 20 × 116 = 2320 ይሆን ነበር። በአማርኛም «ሦስት መቶ አምስት» ስንል 3 × 100 + 5 ማለታችን ነው።

በባሕረ ሐሳብ

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አጽዋማትንና በዓላትን የምታወጣበት ባሕረ ሐሳብ ቅደም ተከተሉን በቃል ይናገራል፤ በምልክት ሲጻፍ ግን ቅንፍ ያስፈልገዋል። ለ2016 ዓ.ም.፦

- ዓመተ ዓለም፦ 5500 + 2016 = 7516
- መጠነ ራብዒት፦ (5500 + 2016) ÷ 4 = 1879። ቅንፉ ቢቀር 5500 + 504 = 6004 ይሆናል።
- መደብ፦ 7516 ለ19 ሲካፈል ቀሪው 11 ነው።
- ወንበር፦ 11 − 1 = 10
- አበቅቴ፦ (11 − 1) × 11 = 110፤ ለ30 ሲካፈል ቀሪው 20 ነው። ቅንፉ ቢቀር 11 − 11 = 0 ይመጣል።

የዓመቱ መባቻ ዕለትም በዚሁ ይገኛል። 7516 + 1879 = 9395 ሲሆን ለ7 ሲካፈል 1 ይቀራል። ቀሪው 1 ሲሆን ዕለቱ ማክሰኞ ነው፤ መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ማክሰኞ ውሏል።

በአልጀብራ

ርቢ የሚመለከተው የተጻፈበትን ብቻ ነው። ሀ = 3 ከሆነ 2ሀ² = 18 ሲሆን (2ሀ)² ግን 36 ነው። እንዲሁም −3² = −9፣ (−3)² = 9።

በቅንፍ ውስጥ የማይታወቅ ቁጥር ካለ መደመሩ ሊሠራ ስለማይችል ማባዛቱ ለእያንዳንዱ ይዳረሳል፦ 3(ሀ + 2) = 3ሀ + 6። እኩልታ ሲፈታ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። በ2ሀ + 5 = 17 መጨረሻ የተሠራው መደመሩ ስለሆነ መጀመሪያ 5 ይቀነሳል፣ ቀጥሎ ለ2 ይካፈላል፤ ሀ = 6።

አሻሚ አጻጻፍ

8 ÷ 2(2 + 2) ከግራ ወደ ቀኝ ሲሠራ 16 ነው፤ 2(2 + 2)ን እንደ አንድ አካል የሚቆጥሩ ሰዎች ግን 1 ያገኛሉ። ቀላል ካልኩሌተሮችም ቁጥሩ በገባበት ተራ ስለሚያሰሉ ለ2 + 3 × 4 መልሱን 20 ሊያሳዩ ይችላሉ። በሁለቱም ጊዜ መፍትሔው ቅንፍ መጨመር ወይም ስሌቱን ከፋፍሎ መሥራት ነው።