የ«ዲቫይስ» ትርጉም ታሪክ በአሜሪካ የኤሌክትሪክ ኮድ

ኤዲሰን በኒውዮርክ የፐርል ጎዳናን የኃይል ማመንጫ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1882 ሥራ ካስጀመረ ወዲህ፣ ኤሌክትሪክ በገባበት ሁሉ የእሳት አደጋም አብሮት ገባ። ኪሣራውን ከፋዮች የመድን ድርጅቶች ነበሩና ደንብ ለማውጣት የተሽቀዳደሙትም እነርሱ ናቸው። በ1895 በሀገሪቱ አምስት የተለያዩ ደንቦች ይሠራባቸው ነበር። አለመጣጣማቸው ብዙ ክርክር በማስነሣቱ በ1896 በኒውዮርክ ጉባኤ ተጠራ፤ በ1897ም ብሔራዊው የኤሌክትሪክ ኮድ ታተመ።

ደንቡ አንድ ሲሆን ቃላቱም አንድ ትርጉም ሊኖራቸው ግድ ነው። ኮዱ «ኢኩዊፕመንት» የሚለው ስም ሁሉን ጠቅላይ ሲሆን «ዲቫይስ» በሥሩ የሚገኝ ክፍል ነው። አምፑል፣ ሞተርና ምድጃ ኃይሉን ወደ ብርሃን፣ ወደ እንቅስቃሴና ወደ ሙቀት ይለውጣሉ፤ ማብሪያና ሶኬት ግን ተሸክመው ያሳልፉታል እንጂ አይጠቀሙበትም። የዲቫይስ ትርጉም ለብዙ ዓመታት የቆመው በዚሁ «አይጠቀምም» በሚለው አሉታ ላይ ነበር።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ተጠቃሚው መሣሪያ በጭነት ስሌት ውስጥ ይገባል። ዲቫይስ በበኩሉ በግድግዳው ሣጥን ውስጥ ለሚይዘው ቦታ እንደ ሁለት ሽቦ ይታሰባል፤ በተጨናነቀ ሣጥን ውስጥ የሽቦ ልባስ ይጎዳልና። ሶኬት እዚህ ላይ እንግዳ ጠባይ አለው፤ ራሱ ምንም ሳይጠቀም፣ ከመኖሪያ ቤት ሌላ በሆኑ ሕንፃዎች ነገ ለሚሰካበት ላልታወቀ ዕቃ ሲባል 180 ቮልት አምፔር ይቆጠርበታል።

ትርጉሙን ያናጋው ግን ኢምንት ነገር ነው። ማብሪያው በጨለማ እንዲታይ የተተከለችበት ጠቋሚ መብራት ጥቂትም ቢሆን ኃይል ትጠቀማለች። በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቻርልስ ዳልዚየል በ1961 የፈለሰፈው፣ ወደ ምድር የሚያመልጥ ኮረንት 5 ሚሊአምፔር ገደማ ሲደርስ የሚያቋርጠው መከላከያም በሶኬት ውስጥ ሲገጠም ለኤሌክትሮኒክ ክፍሉ ኃይል ይሻል። ትርጉሙን ቃል በቃል ለሚያነብ መርማሪ ሕይወት አዳኙ ሶኬት ዲቫይስ መሆኑ ቀረ ማለት ነው!

በ2008 እትም አሉታው ተነሥቶ፣ ዲቫይስ ዋነኛ ተግባሩ ኃይልን መሸከም ወይም መቆጣጠር የሆነ ክፍል ተባለ። መፍትሔው ብልህ ቢሆንም «ዋነኛ» የሚለው ቃል ፍርዱን ለመርማሪው ይተዋል። ማብሪያዋ መብራት ጉዳይዋ በቀላሉ ያልቃል፤ የስልክ ባትሪ መሙያ በውስጡ የተሠራለት ሶኬት ግን ኃይሉን በከፊል ያሳልፋል፣ በከፊል ይለውጣል።