ሙያ ድንበር ሲሻገር፦ የምሥራቅ አፍሪካ የክህሎት ትብብርና ከሆለታ እስከ ሐሮ ወንጪ ያለው ድርሻ

የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ሸቀጥ ከመለዋወጥ አልፈው ባለሙያን በጋራ ለማሠልጠን ከተስማሙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጉዳዩ በአብዛኛው የሚነሣው በስምምነት ፊርማና በብድር ዜና ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሆለታን፣ ጊንጪንና አምቦን አቋርጦ ወደ ሐሮ ወንጪ በሚዘልቀው መስመር ለሚኖር ወጣት ግን ዋናው ነገር የሠለጠነበት ሙያ በደጁም ሆነ ከድንበር ማዶ ሥራ የሚያስገኝ መሆኑ ነው።

ትብብሩ ለምን አስፈለገ?

ዘመናዊ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ውድ ነው። የባቡር ጥገና፣ የእንፋሎት ኃይል ቁፋሮ ወይም የጨርቃ ጨርቅ ምርት የሚያስተምር ተቋም ውድ መሣሪያና በኢንዱስትሪ ውስጥ የሠራ አሠልጣኝ ይፈልጋል። እያንዳንዱ አገር ሁሉንም ለብቻው ከሚገነባ፣ አንዱ በበረታበት ዘርፍ የሌላውን ሠልጣኝ ቢቀበል ወጪው ይቀንሳል፤ የሥልጠናው ደረጃም ይቀራረባል።

በዚህ እሳቤ የተቀረጸው የምሥራቅ አፍሪካ ክህሎት ለትራንስፎርሜሽንና ለቀጣናዊ ትስስር ፕሮጀክት (ኢስትሪፕ) በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ጸደቀ። ከተመደበው 293 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ውስጥ 150 ሚሊዮኑ ለኢትዮጵያ፣ 75 ሚሊዮኑ ለታንዛኒያ፣ 60 ሚሊዮኑ ለኬንያ ሲሆን፣ ቀሪው 8 ሚሊዮን ሥራውን ለሚያስተባብረው የምሥራቅ አፍሪካ የዩኒቨርሲቲዎች ምክር ቤት የተሰጠ ነው። ለቀጣናው በሞዴልነት የተመረጡት ተቋማት 16 ናቸው፤ ሰባቱ በኢትዮጵያ፣ አምስቱ በኬንያ፣ አራቱ በታንዛኒያ ይገኛሉ። ኬንያ ከያዘቻቸው አንዱ የእንፋሎት ኃይል ማሠልጠኛ ሲሆን፣ ታንዛኒያ የትራንስፖርት ኢንስቲትዩቷን አካትታለች። ከኢትዮጵያ ከተመረጡት መካከል የኮምቦልቻ፣ የሐዋሳና የሆለታ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆች ይገኙበታል።

ከሆለታ እስከ አምቦ

ሆለታ በዚህ መዝገብ ውስጥ መግባቷ ለአምቦ መስመር ትርጉም አለው። መስመሩ ለትምህርት ተቋማት አዲስ አይደለም። የዛሬው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ መነሻ በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የግብርና ትምህርት ቤት ነው፤ ዩኒቨርሲቲው አሁን በጉደርና በወሊሶም ካምፓሶች አሉት። በሆለታና በአምቦ የሚገኙት የግብርና ምርምር ማዕከላትም ለአካባቢው ገበሬ የቆዩ ጎረቤቶች ናቸው።

የተቋማት መኖር ብቻውን ግን ሥራ አያስገኝም። በአገሪቱ የትብብር ሥልጠና አሠራር መሠረት ከሥልጠናው 70 በመቶው በሥራ ቦታ፣ 30 በመቶው በማሠልጠኛ ተቋም መሰጠት ይኖርበታል። አሠራሩ ፋብሪካ፣ ጋራዥ፣ ሆቴልና የወተት ማቀነባበሪያ በበቂ ቁጥር መኖሩን ታሳቢ ያደርጋል። ድርጅቶቹ ጥቂት በሆኑባቸው ወይም ሠልጣኝ ለመቀበል በሚያመነቱባቸው ከተሞች ትልቁ የሥልጠና ክፍል ይሳሳል። ስለዚህ ቀጣናዊ ትብብር ፍሬ የሚያፈራው ኮሌጁ ከናይሮቢና ከዳሬ ሰላም ጋር የሚያደርገውን ያህል ከጊንጪና ከአምቦ አሠሪዎች ጋርም ሲቆራኝ ነው።

ወንጪ፦ ሥራው ወደ ቀበሌው ሲመጣ

ሐሮ በአፋን ኦሮሞ ሐይቅ ማለት ነው። ሐሮ ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል በእሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ሲሆን፣ በደሴቱ ላይ የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በዙሪያው እንሰትና ገብስ የሚያለማው ማኅበረሰብ ጎብኚን በፈረስና በጀልባ እያጓጓዘ ገቢ ማግኘት ከጀመረ ቆይቷል። ወንጪ ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በገበታ ለአገር ፕሮጀክት ታቅፋለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል።

እንግዳ ማረፊያ ሲገነባ የምግብ ዝግጅት፣ የመስተንግዶ፣ የአስጎብኚነት፣ የኤሌክትሪክና የውኃ መስመር ጥገና ሙያ ይፈለጋል። እነዚህን ሥራዎች የአካባቢው ወጣት ካልያዛቸው ከሌላ ከተማ የመጣ ባለሙያ ይይዛቸዋል። በአንጻሩ ገደሉንና መንገዱን ጠንቅቆ የሚያውቀው ፈረስ ሳቢ ዕውቀቱን የሚያስረዳለት ወረቀት ላይኖረው ይችላል። የኢትዮጵያ የሙያ ብቃት ምዘና ለዚህ በር ይከፍታል፤ ምዘናው የሚጠይቀው ሙያው የት እንደተቀሰመ ሳይሆን ተመዛኙ ሥራውን በደረጃው መሠረት መሥራት መቻሉን ነው። በኮሌጅ የተማረም ሆነ በልምድ ያወቀ ተመዝኖ ማረጋገጫ ሊያገኝ ይችላል።

ያልተቋጨው ጥያቄ፦ የምስክር ወረቀቱ ዕውቅና

ማረጋገጫው ከድንበር ማዶ ያለው ዋጋ ግን ገና አልተቋጨም። ኬንያና ታንዛኒያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባላት በመሆናቸው ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የጋራ ገበያ ፕሮቶኮል የሠራተኛ ዝውውር መብት ተስማምተዋል። ኢትዮጵያ የዚህ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም። ኢትዮጵያ በምትገኝበት በኢጋድ በኩል የሰዎች ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮል በየካቲት 2012 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ስምምነት ቢደረስበትም፣ ታንዛኒያ የኢጋድ አባል አይደለችም። በመሆኑም በአንድ ፕሮጀክት የሠለጠኑ ሦስት ወጣቶች፣ አንዱ ከሆለታ፣ አንዱ ከኪሱሙ፣ አንዱ ከአሩሻ፣ በሥራ ገበያው ፊት እኩል መብት የላቸውም።

በትምህርት ማስረጃ በኩልም ክፍተት አለ። በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጸደቀውና ከአምስት ዓመት በኋላ ሥራ ላይ የዋለው አህጉራዊ ስምምነት የሚመለከተው የከፍተኛ ትምህርት ማስረጃዎችን ነው። የብየዳ፣ የምግብ ዝግጅት ወይም የማሽን ጥገና ባለሙያ ማስረጃ በየአገሩ የብቃት ማዕቀፍ መቀራረብ ላይ ይመሠረታል። የአፍሪካ ኅብረት አህጉራዊ የብቃት ማዕቀፍ የተወጠነውም ይህን ለማቀራረብ ነው።

በአገር ውስጥ ኃላፊነቱ በ2014 ዓ.ም. የተቋቋመው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና የክልል ተቋማት ነው። የምዘና ደረጃዎች ከጎረቤት አገሮች ጋር ከተናበቡና አሠሪዎች በሥልጠናው ውስጥ ከተሳተፉ፣ ከሆለታ የሚወጣ ሠልጣኝ ከአንድ በላይ ገበያ ይከፈትለታል። ይህ ካልሆነ ግን በጋራ የተገነባው ወርክሾፕ የሚሰጠው ማስረጃ ከአገሩ ድንበር ሳያልፍ ይቀራል፤ በወንጪ ያለው የሥራ ዕድልም ዝግጁ ሆኖ ለተገኘ ለሌላ ይተላለፋል።