የላም ንፍፊት፣ በመስታወት ላይ

አንድ የፓራፊን ጡብ፣ ሁለት የመስታወት ስላይዶች

ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ የአዲስ አበባን ወተት ከሚያቀርቡ ከተሞች መካከል ናቸው። የከብት ቲቢ የሚበረታውም እንዲህ ባለ ሥፍራ፣ በረት ውስጥ ተጠጋግተው በሚውሉ ዲቃላ ላሞች ላይ ነው፤ ሳይፈላ በተጠጣ ወተት ወደ ሰው ይሻገራል። ብሔራዊው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚገኘውም ሰበታ ነው።

በሽታውን ለመመርመር፣ ከታረደች ላም የወጣ ንፍፊት እንዳይበሰብስ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይነከራል። እየጠነከረ የሚሄድ አልኮል ውሃውን ያወጣል፣ ዛይሊን አልኮሉን ይተካል፣ ከዚያ 60 ዲግሪ ገደማ ላይ የቀለጠ ፓራፊን ይገባበታል። ጡቡን ጠጋ ብለው ይዩት፦ መሃሉ ላይ የደበዘዘው ቁራጭ ሥጋው ነው። ማይክሮቶም የተባለው መቁረጫ ከዚህ ላይ 4 ማይክሮን ገደማ የሚሆን ስስ ሽፋን ይልጣል። ሽፋኑ ለብ ባለ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ ሲዘረጋ በስላይድ ይታፈሳል። የባለሙያ እጅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ የተጨማደደ ሥጋ ስላይዱን የሚያነበውን ያሳስታል።

በግራ፦ ሄማቶክሲሊን (ከመካከለኛው አሜሪካ ዛፍ የሚወጣ ቀለም ነው) የሴሎቹን ኒውክለሶች ሰማያዊ፣ ኢዮሲን ቀሪውን ሮዝ አድርገዋል። ኒውክለስ የማይታይበት ሮዝ መሃል የሞተ ሥጋ ነው።

በቀኝ፦ የዚል-ኒልሰን አቀባብ። ሰማም ግድግዳ ያለው የቲቢ ባክቴሪያ በሙቀት የገባውን ቀይ ካርቦል ፉክሲን አሲድ ቢፈስበትም አይለቅም። በከብት ሥጋ ውስጥ ግን ቀያዮቹ የባክቴሪያ ዘንጎች ብዙ ጊዜ ጥቂት ናቸው። ስላይዱ ባዶ ቢሆንም ላሟ ነጻ ናት አይባልም፤ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ማሳደግ ያስፈልጋል፣ እሱም ሳምንታት ይወስዳል።