የዓለም ፍርድ ቤት ምክርና የታሪክ ምስክርነት

በሄግ ከተማ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 2025 ስለ አየር ንብረት ለውጥ የምክር አስተያየት ሰጠ። የምክር አስተያየት እንደ ፍርድ አስገዳጅ አይደለም። ታዲያ አንድ ተማሪ፣ «ማስገደድ ካልቻለ ምን ይጠቅማል?» ብሎ ቢጠይቅ መምህሩ ምን ሊመልስለት ይገባል? መልሱን ከታሪክ መፈለግ ይቻላል፤ ታሪኩም ከአገራችን የራቀ አይደለም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1960 ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በዚሁ ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካን ከሰሱ። የክሱም ምክንያት ደቡብ አፍሪካ በአደራ የተቀበለችውን ደቡብ ምዕራብ አፍሪካን፣ ማለት የዛሬዋን ናሚቢያን፣ በዘር መድልዎ መግዛቷ ነበር። ስድስት ዓመት ያህል ከተከራከሩ በኋላ፣ በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈሉ። በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅም፣ ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ መብት ወይም ጥቅም አላቸው አይባልም ተብሎ ክሱ ውድቅ ሆነ።

ነገሩ ግን በዚህ አልተቋጨም። ፍርድ ቤቱ በጸጥታው ምክር ቤት ጠያቂነት በ1971 በሰጠው የምክር አስተያየት፣ ደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየቷ ሕገ ወጥ እንደሆነና ለቅቃ መውጣት እንዳለባት ገለጠ። ሌሎች መንግሥታትም ይህን ሕገ ወጥነት እንዲያውቁ ግዴታ እንዳለባቸው አስታወቀ። ደቡብ አፍሪካ አሻፈረኝ አለች። ናሚቢያ በሕዝቧ ትግልና መሥዋዕትነት ነፃ የወጣችው በ1990 ነው። ሆኖም ገዥው ከዚያ በኋላ በሕግ ስም የሚከራከርበት አፍ አልነበረውም።

የአየር ንብረቱ ጉዳይም ወደ ሄግ የደረሰው እንዲሁ በትዕግሥት ነው። በ2019 በደቡብ ፓስፊክ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይማሩ የነበሩ 27 ተማሪዎች፣ ከፍ እያለ የሚሄደው ባሕር ደሴቶቻቸውን ሲያሰጋ አይተው፣ ጉዳዩ ለዓለም ፍርድ ቤት እንዲቀርብ መንግሥታቶቻቸውን ወተወቱ። የቫኑዋቱ መንግሥት ሐሳቡን ተቀብሎ ሌሎችን አስተባበረ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በማርች 2023 ጥያቄውን በስምምነት ለፍርድ ቤቱ መራው።

ዳኞቹ በአንድ ድምፅ በሰጡት መልስ፣ መንግሥታት የአየር ንብረትን ከከባድ ጉዳት የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው። ግዴታውን የጣሰ መንግሥት ጥፋቱን ማቆም፣ እንደ ሁኔታውም ለተጎዱት ካሣ መክፈል ይገባዋል። ኩባንያዎችም አልተዘለሉም፤ መንግሥት የነዳጅ ዘይትና የከሰል ድንጋይ አምራቾችን ሳይቆጣጠር ቢቀር ወይም በድጎማ ቢደግፋቸው በጥፋት ሊጠየቅ ይችላል።

እንግዲህ ለተማሪው የሚሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ምክሩ ባሕሩን አይመልስም፤ ነገር ግን በደል የደረሰበት ወገን በየፍርድ ቤቱ የሚጠቅሰው ሕግ ያገኛል። ናሚቢያ ከ1971 በኋላ 19 ዓመት ጠብቃለች። ባሕሩስ ያን ያህል ይጠብቃል ወይ? ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ አንሥቶ መወያየት ይጠቅማል።