የትናንቱን ቅኔ የማይቀበለው ትምህርት ቤት

በጎጃም ወይም በዋድላ ረፋድ ላይ በአንድ ቅኔ ቤት አጠገብ የሚያልፍ መንገደኛ ነገሩን ካላወቀው ግር ይለዋል። ደበሎ የደረቡ ልጆች በየዛፉ ሥርና በየድንጋዩ ጥግ ተበታትነው ተቀምጠዋል። አንዱ ራሱን ተከናንቦ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ሌላው ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል፤ ሦስተኛው ድንገት ተነሥቶ ወዲያ ወዲህ ይልና ተመልሶ ይቀመጣል። ማንም ከማንም ጋር አያወራም። በእጁ መጽሐፍ የያዘ የለም፤ ብዕርና ቀለምም አይታይም። ልጆቹ ግን ከባድ ሥራ ላይ ናቸው። ነገራ፣ ማለትም ቅኔው ለመምህሩ የሚነገርበት ሰዓት፣ ሲደርስ እያንዳንዳቸው ከዚህ በፊት ማንም ያላለውን አዲስ ቅኔ ይዘው የኔታ ፊት መቅረብ አለባቸው። ይህ ብቻቸውን የሚያስቡበት ሰዓት ቆጠራ ይባላል።

በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ላሉ ልጆች የፈጠራ ድርሰት ማስተማር ሲነሣ፣ ብዙ ሰው ከውጭ አገር ከመጣው ዘመናዊ ትምህርት ጋር የገባ አዲስ ነገር ይመስለዋል። በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች ግን ለዘመናት የዘለቀ፣ የራሱ ሥርዓት፣ የራሱ መምህራንና የራሱ መመዘኛ ያለው የፈጠራ ትምህርት ቤት ነበረ፤ ዛሬም አለ። የቅኔ ቤት ታሪክ ከቤተ ክህነት ታሪክ በተጨማሪ ልጆችን ፈጣሪ አድርጎ የማሠልጠን ታሪክም ነው። ሊነገር የሚገባውም በዚህ በኩል ጭምር ነው።

የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የቅኔን መነሻ ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመኑ ከቅዱስ ያሬድ ዜማ ጋር ያያይዘዋል። ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ በጉባኤ መሰጠት የጀመረበትን ጊዜ ሊቃውንቱ ሲተርኩ ደግሞ የዮሐንስ ገብላዊንና የተዋነይን ስም ያነሣሉ። በኋላ በጎጃም የዋሸራና የጎንጅ፣ በወሎ የዋድላ ቅኔ ቤቶች ስመ ጥር ሆኑ። እያንዳንዱ የራሱ የአገባብ ስልትና የራሱ የቅኔ ጣዕም ስላለው፣ አዋቂ ጆሮ አንድ ቅኔ ሲባል ሰምቶ ባለቤቱ የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነ ይለያል። ተማሪውም ከአንዱ ቤት ከተመረቀ በኋላ የሌላውን መንገድ ለመቅመስ ብዙ ቀን በእግሩ ይጓዝ ነበር።

ወደ ቅኔ ቤት የሚገባው ልጅ ባዶውን አይመጣም። ፊደል ቆጥሮ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ብዙ ጊዜም ዜማ ተምሮ ነው የሚደርሰው። እስከዚያ ድረስ የተማረው በሙሉ የተጻፈውን ማንበብ፣ የተነገረውን መያዝና እንደ መምህሩ አድርጎ መመለስ ነበር። በንባብ ቤትና በዜማ ቤት ጎበዝ የሚባለው አንዲት ፊደል ሳያስት የሚደግመው ልጅ ነው። ቅኔ ቤት ሲገባ ሕጉ ይገለበጣል። እዚያ መድገም ዋጋ የለውም። ትናንት የተባለ ቅኔ ምንም ያህል ቢያምር ዛሬ ተመልሶ አይነገርም፤ የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪም በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። በአንድ የትምህርት ሥርዓት ውስጥ እንዲህ ያለ ድንገተኛ መታጠፊያ ማስቀመጡ የቀደሙት መምህራን ስለ ልጅ አእምሮ አጥብቀው ማሰባቸውን ያሳያል። ጆሮው በቃልና በዜማ እስኪሞላ ይጠብቁታል፤ ከሞላ በኋላ ግን ከራሱ እንዲያፈልቅ ያስገድዱታል።

ኑሮው ቀላል አልነበረም። የቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ቤት ርቆ፣ ብዙ ጊዜም ሳያስፈቅድ ጠፍቶ፣ በሣር ጎጆ ያድራል። አኩፋዳውን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላውን ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይለምናል። ያገኘውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ይካፈላል። ረኃቡ፣ ብርዱ፣ እከኩና በየጊዜው የሚነሣው ወረርሽኝ ብዙ ልጆችን ከመንገድ አስቀርቷል። በ1959 ዓ.ም የታተመው የአለቃ ለማ ኃይሉ የትዝታ መጽሐፍ ይህን ዓለም ከውስጡ ያሳያል። አባቱ በቃል የተረኩለትን የጻፈው ልጃቸው ገጣሚውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ ነው።

የቅኔ ቤት ቀን ትምህርቱን በልኩ ከፋፍሎ የያዘ ነው። ማታ ግስ ይወርዳል፤ ልጆቹ የግእዝን ግሥ ከነትርጉሙና ከነእርባታው በቃላቸው ይይዛሉ። በሌላ ሰዓት አገባብ ይማራሉ። ግእዝ ማንም በቤቱ የማይናገረው ቋንቋ ስለሆነ ቃላቱንና ሕጉን ሳይጨብጡ አንድ መስመር እንኳ መግጠም አይቻልም። ከዚያ የኔታ ራሳቸው አዲስ ቅኔ ይቀኛሉ፤ ምሥጢሩን ፈትተው፣ መንገዱን አሳይተው ልጆቹን ወደ ቆጠራ ይለቅቃሉ። በመጨረሻ ነገራ ይመጣል። ልጁ ተራውን ጠብቆ የቆጠረውን ይናገራል፤ መምህሩ እዚያው ያርማሉ። የተማሪው ቁጥር ሲበዛ ከበሰሉት መካከል የተመረጡ አስነጋሪዎች የታናናሾቻቸውን ቅኔ ሰምተው ያቃናሉ። እነሱም በዚያው ማስተማርን ይማራሉ።

እርማቱ ምን ይመስል እንደነበር ለማየት አንድ ምሳሌ እናስብ። ልጁ ስለ ጌታ ስብከት ሊቀኝ ፈለገና ሰም፣ ማለትም የላይኛው ግልጽ ትርጉም፣ እንዲሆነው ገበሬን መረጠ። ገበሬው በወርቁ፣ ማለትም በተሰወረው ትርጉም፣ ክርስቶስ ነው፤ ገራህት፣ ማለትም እርሻው፣ ዓለም ነው፤ ዘሩ ቃል ነው። ሁለቱን የሚያስተሳስረው «ዘርአ» የሚለው ግሥ ነው፤ ገበሬውም ዘራ፣ ጌታም ዘራ። ልጁ ደስ ብሎት ይናገራል። የኔታ ግን «ሳያርስ ይዘራል እንዴ?» ብለው ይጠይቁታል። እውነት ነው፤ በሰሙ በኩል ያልታረሰ መሬት ላይ የሚዘራ ገበሬ የለም። ልጁ ተመልሶ «ሐረሰ» የሚለውን ግሥ ሊያስገባ ይሞክራል። ያን ጊዜ ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ በወርቁ በኩል ማረስ ምንድን ነው? ሞፈሩስ ማን ነው? ሰሙ ውስጥ ለገባ ዕቃ ሁሉ በወርቁ ውስጥ አቻ ሊገኝለት ይገባል። ይህም ተስተካክሎ ቤቱ ካልመታ፣ ማለትም መስመሮቹ በአንድ ዓይነት ፊደል ካላለቁ፣ ወይም ቃሉ ከዜማው ልክ ከተረፈ፣ ሥራው እንደገና ይጀመራል። በዚህ መንገድ አንድ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ምናብን ከማስተዋል ጋር ማስኬድ ይማራል። ያመጣው ምስል ማማሩ አይበቃም፤ እስከ መጨረሻው መቆም አለበት።

መሰላሉም በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ጀማሪው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት መስመር፣ ብቻ ባለው በጉባኤ ቃና ይነሣል። እዚያ ላይ እጁን ሲያፍታታ ወደ ሦስት ቤቱ ዘአምላኪየና ሚ በዝኁ ይሻገራል፤ ቀጥሎ አምስት ቤት ያለው ዋዜማ፣ ከዚያ ስድስት ቤት ያለው ሥላሴ፣ እያለ እስከ መወድስና ዕጣነ ሞገር ይዘልቃል። መወድስ ስምንት ቤት አለው፤ አንዱን ሐሳብ ሳያዛንፉ ስምንት መስመር ድረስ ማድረስ ልጁ መብሰሉን ያስመሰክራል። አንዱ ደረጃ ሳይጠነክር ወደሚቀጥለው የሚያስቸኩል የለም፤ ዓመት የፈጀበት ዓመት ይፈጅበታል። ሁሉንም ዓይነት መቀኘት የቻለ ልጅ ቤት ሞላ ይባላል። ከዚያ በኋላ ዘረፋ ይመጣል፤ ሰው በተሰበሰበበት፣ በዓሉ የሚጠይቀውን ምሥጢር ይዞ፣ ወዲያው መቀኘት ማለት ነው። የተማሪው ሥራ አድማጭ አላጣም። በማኅሌት ላይ ካህናቱ ይሰሙታል፤ ሲያምርላቸው ያደንቁታል፤ ሲሳሳት ዝም አይሉትም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሴት ልጅ ቦታ አልነበራትም ማለት ይቻላል። ለዚህም ነው የእማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ስም ተለይቶ የሚጠራው። ዓይነ ስውር የነበሩት ገላነሽ በጎጃም ጽላሎ ከአባታቸው ከመምህር ሐዲስ ክዳን ቅኔን ተምረው፣ በኋላ ራሳቸው ጉባኤ ዘርግተው ብዙ ወንዶች ተማሪዎችን ያስቀኙ መምህር ሆነዋል። ማየት ያልቻለች ሴት በቃል ብቻ በሚሰጥ ትምህርት ከሊቃውንት ተርታ መሰለፏ የዘዴውን ብርታት ያሳያል። ስንት ሴቶች ልጆች ይህን ዕድል ሳያገኙ እንደቀሩ ማሰብ ደግሞ ያስቆጫል።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ሁለቱ ዓለሞች መጀመሪያ ላይ ተገናኝተው ነበር። በደብረ ኤልያስ ቅኔ የተማረው ዮፍታሔ ንጉሤ አዲስ አበባ መጥቶ በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት ሲያስተምር፣ የጻፋቸውን መዝሙሮችና ተውኔቶች የሚያቀርቡለት ተማሪዎቹ ነበሩ። ሐዲስ ዓለማየሁም በጎጃም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ተምሮ ነው ወደ አዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች የተሻገረው። በ1958 ዓ.ም የወጣው ልብ ወለዱ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስለ ቆሎ ተማሪ ሕይወት ያን ያህል አብጠርጥሮ መናገር የቻለው ደራሲው ስለኖረው ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ደግሞ ገና በአምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች ተውኔት ጽፎ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታይቶለታል። ያ ልጅ በኋላ የአገሪቱ ስመ ጥር ጸሐፌ ተውኔት ሆነ። በትምህርት ቤት ለአንድ ልጅ መድረክና አድማጭ መስጠት ምን ሊያፈራ እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

ግንኙነቱ ግን አልዘለቀም። በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መጀመሪያ ያስተማሩት ከግብፅ የመጡ ኮፕቶች ነበሩ፤ ትኩረቱም የውጭ ቋንቋ ላይ ነበር። በ1917 ዓ.ም የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትና ከጣሊያን ወረራ በኋላ የተስፋፉት ትምህርት ቤቶችም አገሪቱ አጥብቃ የምትፈልጋቸውን ጸሐፊዎች፣ አስተርጓሚዎችና ባለሙያዎች ማፍራት ነበረባቸው። የፈጠራ ሥራ በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ወደምትገኝ «ድርሰት» ወደምትባል ጥግ ተገፋ። ርእስ ይሰጣል፤ ልጁ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ አድርጎ አንድ ገጽ ይሞላል፤ መምህሩ ደብተሩን ወስደው በቀይ እስክሪፕቶ ነጥብ ጽፈው ይመልሳሉ። ቅኔ ቤት በየቀኑ ያደርገው የነበረውን ብዙ ልጅ በወሰነ ትምህርት አንዴ ወይም ሁለቴ ቢያደርገው ነው። ስድሳ ተማሪ በአንድ ክፍል ያስቀመጠን መምህር በዚህ መውቀስ አይገባም፤ የስድሳ ልጆችን ድርሰት በየሳምንቱ አንብቦ ማረም የሚቻል አይደለም። ለጽሑፍ የሚቃጠሉት ልጆች መጠጊያቸው የሥነ ጽሑፍ ክበብና ሚኒ ሚዲያ ሆነ። በጠዋት ሰልፍ ወይም በወላጆች ቀን ግጥሟን በድምፅ ማጉያ ያነበበች የሰባተኛ ክፍል ልጅ፣ ሳታውቀው የነገራን ወግ አስቀጥላለች።

ሊቃውንቱ የፈጠሩት አብዛኛው ቅኔ አንዴ ተሰምቶ ከጆሮ ጋር የቀረ ነው። በ1918 ዓ.ም ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ በ1963 ዓ.ም ደግሞ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ የቀደሙትን ሊቃውንት ቅኔዎች ሰብስበው በማሳተማቸው ጥቂቱ ተርፏል። ከቅኔዎቹ ይልቅ በቀላሉ ሊጠፋ የሚችለው ግን ማስተማሪያው ዘዴ ነው፤ ምክንያቱም የሚገኘው በመምህራኑ ልማድ ውስጥ ነው። አረጋዊ መምህር ሲያርፍ ጉባኤው ይታጠፋል፤ የአስተራረሙ ብልሃትም አብሮ ይቀበራል።

ከዚህ ሥርዓት ረኃቡንና ሴት ልጅን የሚያገልለውን በር መመለስ የሚፈልግ የለም። የቀረው ግን ለማንኛውም የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል መምህር ይሆናል፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ልጁ በየቀኑ ትንሽ ይፍጠር፤ በሁለት መስመር ይጀምር። መምህሩም አስቀድሞ ራሱ ፈጥሮ ያሳየው። ብቻውን የሚያስብበት ጸጥ ያለ ሰዓት ይሰጠው። የሠራውን በድምፁ ይናገር፤ እርማቱንም እዚያው ይስማ። መምህሩ ለሁሉም ካልደረሰ የበሰሉት ተማሪዎች ያስነግሩ። ሥርዓተ ትምህርት የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች የውጭውን ልምድ ከማገላበጣቸው አስቀድሞ፣ ዛሬም ጉባኤ ዘርግተው ያሉ የቅኔ መምህራንን ሄደው ቢያዩ፣ ቆጠራውንና ነገራውን ቢመዘግቡ፣ የሚጠቅማቸውን በእጃቸው ያገኙታል። ይህን ማድረግ የሚቻለው ግን መምህራኑ በሕይወት እያሉ ነው።