ከካርቡራቶር እስከ ኮምፒዩተር
በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1900 ዓ.ም.፥ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ አውቶሞቢል ይዞ ከጂቡቲ አዲስ አበባ ሲገባ፥ የሞተር ሕመም በዓይን ታይቶ በመፍቻና በመዶሻ ይፈወስ ነበር።

በኋላ ግን ዘመኑ ተለወጠ። በ1967 እ.ኤ.አ. የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ቤንዚን በኤሌክትሮኒክስ የሚመጥን መሣሪያ ለፎልክስዋገን አበጀ፤ በ1979 ደግሞ የቤንዚኑንና የካንዴላውን ሥራ በአንድ ሳጥን አዋሐደ። ይህን ሳጥን መካኒኮቻችን «ኮምፒዩተር» ይሉታል።

ከአዋሽ እስከ ሰመራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በዚያ ሙቀትና አቧራ መኪና ሲቆም፥ ባለንብረቱ «ኮምፒዩተሩ ተቃጠለ» ብሎ የልጆቹን ጉርሻ ለአዲስ ሳጥን ያወጣል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ የደከመ ባትሪ፥ የተቃጠለ ፊውዝ ወይም ከባትሪ ወደ ሻንሲ የሚሄደው ሽቦ መዛግ ይሆናል። ስለዚህ አስቀድሞ እነዚህን መመርመር ይገባል። በእውነት የተበላሸው ሳጥኑ ከሆነ፥ ባትሪው ተፈትቶ ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር የሚስማማ ሳጥን ይተካል። በብዙ መኪናዎች የመኪናውና የቁልፉ ምስጢር ካልተጻፈበት ሞተሩ አይነሣም።

እንግዲህ እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች፥ በበረሃ የቆመውን መኪና መርምረው የሚያስነሡ ልጆች ከየትምህርት ቤቱ እንዲወጡ ወላጆችንና መምህራንን እናሳስባለን።