ባጃጅ

ባጃጅ ሹፌሩን ጨምሮ አራት ሰው የሚይዝ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ ነው። ስሙን ያገኘው ከሕንዱ ባጃጅ አውቶ ኩባንያ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የሌላ ኩባንያ ምርትም በዚሁ ስም ይጠራል። በጣና ሐይቅ ዳር በምትገኘው ባሕር ዳር ዋነኛ ከሆኑት የከተማ መጓጓዣዎች አንዱ ነው።

የሞተሩ ቦታ

በሕንድ በቀደሙት ሞዴሎች ሞተሩ የሚገኘው ከሹፌሩ መቀመጫ ሥር ነበር። በዚህም ሙቀቱና ንዝረቱ በቀጥታ ለሹፌሩ ይደርስ ነበር። ባጃጅ አውቶ እ.ኤ.አ. በ1977 ሞተሩ ከኋላ የሆነ ሞዴል አወጣ። ሞተሩ ከሚያሽከረክራቸው ሁለት የኋላ ጎማዎች አጠገብ ስለሆነ ኃይሉ በአጭር መንገድ ይተላለፋል፤ የሹፌሩም ቦታ ከሙቀት ይርቃል። ሆኖም ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ስላለው በፍጥነት ሲታጠፍ የመገልበጥ አደጋ አለው።

በኤሌክትሪክ ባጃጅ ሞተሩ ከኋላ ጎማዎች ዘንድ ቢቆይም፣ ከባዱ ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫ ሥር ይቀመጣል። ስለዚህ ክብደቱ ወደ መካከልና ወደ ታች ይወርዳል፤ ይህም ለሚዛን ይረዳል።

የገበያ ተስፋ

የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ገበያ ትኩረት አግኝቷል።

ባሕር ዳር ለኤሌክትሪክ ባጃጅ የምትመች ከተማ ናት። መንገዶቿ በአብዛኛው ሜዳማ፣ የጉዞው ርቀትም አጭር ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ይህም የቤንዚን ሞተርን ጉልበት ሲቀንስ የኤሌክትሪክ ሞተርን አይነካም። ከጣና በሚወስደው ውኃ የሚሠራው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ አቅሙ 460 ሜጋ ዋት ነው።

በሌላ በኩል የባትሪው ዋጋ ከፍተኛ ነው፤ መብራት ለረጅም ጊዜ ሲጠፋም ባትሪውን መሙላት ስለማይቻል ባጃጁ ሥራ ሊፈታ ይችላል። የጋራዥ ባለሙያዎች የለመዱት የቤንዚን ሞተር ስለሆነም ጥገናው አዲስ ሥልጠና ይፈልጋል።

ዋናው ጥያቄ ግን ወጪውን ማን ይሸፍናል የሚለው ነው። ብዙ ሹፌሮች የሰው ባጃጅ ይዘው ለባለንብረቱ የቀን ገቢ ያስገባሉ። በዚህ አሠራር ነዳጅ የሚሞላው በተለምዶ ሹፌሩ ሲሆን፣ ተሽከርካሪውን የሚገዛው ባለንብረቱ ነው። ስለዚህ ከነዳጅ የሚተርፈው ገንዘብ ወደ ሹፌሩ፣ የባትሪው ወጪ ደግሞ ወደ ባለንብረቱ ይሄዳል። የቀን ገቢው በዚሁ መጠን ካልተስተካከለ ባለንብረቱ ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የሚያነሳሳው ጥቅም አነስተኛ ነው። የራሱን ባጃጅ ለሚነዳ ግን ወጪውም ጥቅሙም የእሱ ስለሆነ ስሌቱ ይቀላል።